ለመኪናም ለጀልባም በቻርጅ የሚሠራ የእጅ ቫኪዩም፦ የትኛውን ቁጥር አይቼ ልግዛ?

ባለቪትዝ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቻርጅ የሚሠራ የእጅ ቫኪዩም ልገዛ ካርቶን ሳገላብጥ ግራ ገባኝ። አንዱ ላይ 120 ዋት፣ ሌላው ላይ 12000 ፓስካል፣ ሦስተኛው ላይ «30 ደቂቃ ያለማቋረጥ፣ ለደረቅም ለእርጥብም» ይላል። ዕቃዎቹ ግን ሲታዩ አንድ ናቸው።

ሥራው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የሚጭን ቪትዝ ነው፤ የበጋ አቧራ፣ የቆሎ ገለፈት፣ ፀጉር፣ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ የሚገባ አሸዋ። ሁለተኛው ጣና ላይ ጎብኚ የሚያመላልስ የወንድሜ የፋይበር ጀልባ ነው፤ 12 ሰው ይጭናል፤ እዚያ አሸዋውና ጭቃው የሚገባው ከውሃ ጋር ነው። አንድ ዕቃ ለሁለቱም ይበቃል? የትኛውን ቁጥር ልመን? ሲጋራ መለኮሻው ላይ በገመድ የሚሰካውስ አይሻልም? ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ከዚያም ማስመጣት ይቻላል።

ቮልትና አምፔር

ሰላም ወንድሜ። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱም ለብቻው አይታመንም። መጀመሪያ የምትጠይቀው ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት ይይዛል ብለህ ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዛው፣ አለቀ። ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሦስት 18650 የሚባል ክብ የሊቲየም ባትሪ ሴል በተከታታይ የታሰረባቸው ናቸው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ነው፣ ሦስቱ 10.8። ሴሉ 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ 10.8 በ2.5 ሲባዛ 27 ዋት ሰዓት ነው። ሞተሩ የእውነት 120 ዋት የሚበላ ከሆነ ይህ ባትሪ የሚያቆየው 13 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ «120 ዋት» እና «30 ደቂቃ» አንድ ካርቶን ላይ ካየህ፣ ወይ ዋቱ ተጋኗል፣ ወይ ደቂቃው የተለካው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ሁለት ሴል ብቻ ያላቸው ደግሞ 18 ዋት ሰዓት ገደማ ናቸው። ክሩስኮት ለማበስ ይሆናሉ፤ ወለል ላይ አትድከምባቸው።

ፓስካል የሚለካው አፉ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ አየር ሳይንቀሳቀስ ነው። አቧራ የሚያነሳው ግን የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ትክክለኛው መለኪያ ሁለቱን ያባዛል፦ ሥራ ላይ እያለ ያለው ኪሎ ፓስካል በሰከንድ በሚያልፈው ሊትር። ለምሳሌ 4 ኪሎ ፓስካል እና 8 ሊትር በሰከንድ 32 ኤር ዋት ይሰጣል። ኤር ዋት የሚጽፍ አምራች ካገኘህ እሱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ትችላለህ። ፓስካል ብቻ የሚጽፈው ስለ አየሩ መጠን ምንም አልነገረህም።

ከፍታችንንም አትርሳ። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በአምስተኛ። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚስብበት ኃይል በዚያው ልክ ይወርዳል። ሞተሩ ስለሚቀለው ትንሽ ፈጥኖ ይዞርና ጥቂቱን ያካክሳል፣ ሙሉውን ግን አይመልስም። 12000 የተባለውን እዚህ ከ9000 ትንሽ ከፍ ያለ ነው ብለህ ያዘው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው የሳሳ አየር ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል።

በገመድ ስለሚሰካው፦ የሲጋራ መለኮሻ ፊውዝ ብዙ መኪና ላይ 15 አምፔር ነው። የአንተን ፊውዝ ሳጥን ክዳን ላይ አረጋግጥ። 120 ዋት ዕቃ 10 አምፔር ስለሚስብ ይሸከመዋል። የሚያደክመው ገመዱ ነው። 5 ሜትር ገመድ ሲሄድና ሲመለስ 10 ሜትር ሽቦ ነው፤ ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በ10 አምፔር 2.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተር ሳታስነሳ ባትሪህ 12.4 ቢሆን ቫኪዩሙ ጋ የሚደርሰው 10 ቮልት ገደማ ነው። ሞተር አስነስተህ 14 ቮልት ሲሆን ይሻላል። ርካሾቹ ገመድ ከዚህም የቀጠነ ነው፤ መሰኪያው ከጋለ ንቀለው። ወፍራም ገመድ ያለው ካገኘህ ለአንድ ቪትዝ መጥፎ አይደለም፤ ባትሪው ያልቃል ብለህ አትሮጥም።

ሱቅ ውስጥ ወረቀት አንስተው ሲያሳዩህ አትደነቅ፤ ደካማውም ወረቀት ያነሳል። አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ በምንጣፍ ቁራጭ ላይ በጫማ አሽተህ አስገባና አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ስንቱን እንዳነሳ እይ። ከዚያ ሳታጠፋው 5 ደቂቃ አቆየው። ድምፁ እየወፈረ እየወረደ ከሄደ ባትሪው ደካማ ነው። መጨረሻ ላይ አጥፍተህ አፉን ወደ ታች አራግፈው። አሸዋው ተመልሶ ከፈሰሰ አፉ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ክዳን አትገጥምም ማለት ነው፤ መኪናህ ውስጥም እንዲሁ ያፈስብሃል።

የላቫጆ ሰው

ስለ ባትሪው የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ፊልተሩን ሳታይ አትክፈል እላለሁ። የእኛ የበጋ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። «ሳይክሎን» የሚሉት አየሩን አሽከርክሮ ቆሻሻ የሚለየው ክፍል ቆሎና አሸዋ ይለያል፤ የላመውን አቧራ ግን አይለይም፣ በቀጥታ ፊልተሩ ላይ ይለጥፈዋል። ፊልተሩ ሲደፈን ባትሪው ሙሉ ሆኖም ቫኪዩሙ ከማፏጨት በቀር ምንም አያነሳም።

ስለዚህ ክፈተውና እይ። ከውጭ ጥልፍልፍ ብረት ወይም ናይለን ወንፊት፣ ከውስጥ የታጠፈ የወረቀት ወይም የጨርቅ ፊልተር ሊኖረው ይገባል። እጥፋቶቹ በበዙ ቁጥር ቶሎ አይደፈንም። ወንፊት የሌለው ከሆነ ፀጉሩና ገለፈቱ እጥፋቶቹ መሃል ይገባና በጥርስ ብሩሽም አይወጣም። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እውነተኛው ሄፓ በአሜሪካ መለኪያ 0.3 ማይክሮን ከሆነች ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ ይህን ለመያዝ ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ላስቲክ አጥብቆ መግጠም አለበት። ጠርዙ ላላ ካለ አቧራው በጎን አልፎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ የኋላ መተንፈሻው ላይ ነጭ ጨርቅ ይዘህ ብታስነሳው ያሳይሃል። ተለዋጭ ፊልተር ለብቻው የማይሸጥለትን ሞዴል አትግዛ። ሁለት ፊልተር ይኑርህ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል።

አጠባው፦ በየቀኑ አይታጠብም። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ከባልዲ ጠርዝ ጋር ቀስ ብለህ አጋጭተህ አራግፈው። የመሳብ ኃይሉ መቀነሱን ስታይ፣ በየቀኑ ለሚሠራ መኪና በሁለት ሳምንት አንዴ ገደማ፣ «የሚታጠብ» የተባለውን ፊልተር በቀዝቃዛ ውሃ ያለ ሳሙና ከንጹሕ ጎኑ ወደ ቆሻሻ ጎኑ አፍስስበት። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ በክረምት 48። እርጥቡን መልሶ መግጠም ትልቁ ጥፋት ነው። አቧራው ጭቃ ሆኖ እጥፋቱ ውስጥ ይደርቅና እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፤ ቀጥሎ ሻጋታ ይሸታል፣ ተሳፋሪውም ያንን ነው የሚተነፍሰው። ኮምፕረሰር ካለህ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ አሁንም ከንጹሕ ጎን ወደ ቆሻሻ ጎን ንፋበት። አፍንጫውን አስጠግተህ በ8 ባር ከነፋህበት ወረቀቱን ትበሳዋለህ፣ ቀዳዳውም በዓይን አይታይም።

13 ደቂቃ ካለህ ደግሞ ደቂቃዋን ለመጥረግ አታውላት። ቫኪዩሙን ሳታስነሳ መጀመሪያ ምንጣፎቹን አውጥተህ ውጭ አራግፍ። ወንበሮቹን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ግፋ። ጠንካራ ፀጉር ባለው ደረቅ ብሩሽ የወንበሩን ስፌትና የወለሉን ምንጣፍ እያሸህ አቧራውን አንሳ፣ የሐዲዱን አሸዋ በቀጭን ቀለም ብሩሽ ወደ አንድ ጫፍ ሰብስበው። አሁን አስነሳ። ከላይ ጀምረህ ውረድ፦ ክሩስኮት፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች፣ የካምቢዮው ዙሪያ፣ ወንበር፣ መጨረሻ ወለል። የወንበሩን ሐዲድ በቀጭኑ አፍ ከኋላ በኩል ግባበት፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ መልሰህ ከፊት ድገመው። ቀጭኑን አፍ ሙሉ በሙሉ ደፍነህ አታቆየው። ብዙዎቹ ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት በሚስቡት አየር ነው፤ አየር ከሌለ ሞተሩ ይግላል። እየጎተትህ እንጂ እየተጫንህ አትሥራ። ፀጉር በቫኪዩም ብቻ አይነሳም፤ የእጅ ላስቲክ ጓንት ትንሽ አርጥበህ በአንድ አቅጣጫ ስታሸው ይጠቀለላል።

እርጥብ ምንጣፍ ላይ በደረቁ ቫኪዩም አትሞክር።

ጣና ዳር

ለወንድምህ ከሁሉ በፊት ይህን ንገረው። ከሞተሩና ከቤንዚን ጀሪካኑ አጠገብ ያለውን፣ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት የሚታይበትን ውሃ በቫኪዩም እንዳይነካ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ከጀልባው ወለል በታች ተኝቶ ይቆያል። የተለመደው የቫኪዩም ሞተር ካርቦን አለው፣ ሲዞር ብልጭታ ያወጣል፤ የሚስበውም አየር በዚያው በሞተሩ በኩል ነው የሚያልፈው። ትነቱን ስቦ ብልጭታው ላይ ያደርሰዋል። ብራሽለስ የተባለው ካርቦን የለውም፤ ግን ማብሪያ ማጥፊያውም ባትሪውም ለነዳጅ ትነት ተብለው የተሠሩ አይደሉም፣ ስለዚህ እሱም አይፈቀድም። ወለሉን ከፍቶ ያናፍስ፤ ቅባቱን በሚመጥ ጨርቅ ያንሳ፤ ጨርቁን ወደ ሐይቁ ሳይሆን ክዳን ወዳለው ባልዲ ይጣል።

ውሃውን በተመለከተ፣ «ለእርጥብም» የሚባለው የእጅ ቫኪዩም ለፈሰሰ ሻይ እንጂ ለጀልባ ውሃ አይደለም። መያዣው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር በታች ነው። የእርጥብ መስመሩ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል፣ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን 10 ሊትር ውሃ ለማውጣት 50 ጊዜ መድፋት ነው። ጀልባ ሲናወጥ መያዣው ያዘነብላል፣ ውሃው በፊልተሩ አልፎ ሞተሩና ሴሎቹ ጋ ይደርሳል። ለውሃው ትክክለኛው ዕቃ በ12 ቮልት የሚሠራ የጀልባ ውሃ ማውጫ ፓምፕ ነው። ትንሹ፣ 500 ጋሎን በሰዓት የሚባለው፣ በወረቀት ላይ ወደ 1,900 ሊትር በሰዓት ያወጣል፤ ቱቦው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀንሳል፣ ቢሆንም ለእንደዚህ ዓይነት ጀልባ ይተርፋል። ፓምፑ የማይደርስበትን የመጨረሻ ጣት ውሃ በስፖንጅ ይጨርስ።

ቫኪዩሙ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጭቃው ይድረቅ። ከመነኮሳቱ ደሴቶችና ከዘጌ የሚመጣው ጭቃ በጫማ ይገባል፤ ሲደርቅ በብሩሽ ይሰበራል፣ ከዚያ በቫኪዩም ይነሳል። እርጥቡን ከሳበው ቀጭኑ አፍ ውስጥ ይጋገራል። የእምቦጭ ሥርና የደንገል ቁራጭ በእጅ ይለቀም፤ ክሩ አፉ ላይ ያለችውን የላስቲክ ክዳን ክፍት አድርጎ ይይዛታል። ትራሶቹ ተነሥተው ስፌታቸው ይጠረግ፣ በተለይ የሕይወት አድን ጃኬት የሚቀመጥበት ሳጥን ጥግ፤ እዚያ አሸዋና እርጥበት ሲገናኙ የጃኬቱን ጨርቅ ያሻግቱታል።

ጣና ጨው የለውም፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቀይ ባሕር ወይም ባሕረ ሰላጤው ላይ ለሚሠራ ጀልባ ከሆነ ግን ጨዋማ አሸዋ ከሳበ በኋላ መያዣውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው፤ የቻርጅ ጫፎቹ ካልተጠረጉ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። አይፒኤክስ4 የሚል ካለበት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይችላል ማለት አይደለም። ምንም ያልተጻፈበትን ጨርሶ እንደማይችል ቁጠረው።

ለጥያቄህ መልስ፦ አንድ ደረቅ ቫኪዩም ለሁለቱም ይበቃል፣ ጀልባው ፓምፕና ስፖንጅ ካለው። የአንተ አዲስ አበባ፣ የእሱ ባሕር ዳር ስለሆነ ግን ሁለት መግዛታችሁ አይቀርም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከዚህ ከአሜሪካ ለሚያስመጣው ወንድማችን። ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው አጠገብ የተጻፈውን ዘመድህ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። 100–240 ቮልት ካለ ሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃሃል። 120 ቮልት ብቻ ካለ ኢትዮጵያ 220 ላይ ስትሰካው ይቃጠላል፤ ባትሪውንም ሊጎዳው ይችላል። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ ያድናል። ፍጥነቱን ግን አስብበት፦ በ5 ቮልት 2 አምፔር 10 ዋት ነው፣ 27 ዋት ሰዓት ባትሪ ከነብክነቱ 3 ሰዓት ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

በየቀኑ ለሚሠራ መኪና የእኔ ምርጫ በመሰርሰሪያ ባትሪ የሚሠራው ነው፣ ማኪታ 18 ቮልት ወይም ዲዎልት። ዲዎልት እዚህ «20 ቮልት ማክስ» ይለዋል፤ አምስት ሴል ነው፣ ሙሉ ሲሆን 20፣ ሥራ ላይ 18፣ ያው ነው። ባትሪው ተነቃይ ስለሆነ ሲደክም ቫኪዩሙን አትጥልም። አዲስ አበባ ባለሙያ ሁሉ የሚይዘው ባትሪ ስለሆነ ገላውን ብቻ ከዚህ፣ ባለ 220 ቻርጀሩን ከዚያ መግዛት ይቻላል። እዚህ የሚሸጠው ቻርጀራቸው በብዛት 120 ቮልት ብቻ ነው።

አውሮፕላን ላይ፦ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ባትሪ ያለ ፈቃድ ያልፋል። 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት 90 ነው፣ ያልፋል። 6 አምፔር ሰዓት ግን 108 ይሆናል፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለብቻው የተያዘ ባትሪ የግድ በእጅ ሻንጣ ነው፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያወጡታል።

ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1979 ካወጣው ደስትበስተር ከተባለው የእጅ ቫኪዩም ወዲህ ብዙ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ኒኬል ካድሚየም የሚባል የድሮ ባትሪ ያለው ቫኪዩም አለ። ዘመድህ በነጻ እሰጥሃለሁ ቢልህም ለማጓጓዝ የሚያበቃ አይደለም።

ባለቪትዝ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሰርሰሪያ ባትሪውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ጀልባው ላይ ያለው ባለ ሦስት ሴል ቫኪዩም መብራቱ «ሙሉ» እያለ፣ ሲበራ 20 ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሣል። ሴል መቀየር ያዋጣል?

ቮልትና አምፔር

መጀመሪያ ባትሪውን ሳትነካ ፊልተሩንና መያዣውን አውጥተህ ንጹሕ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ አስነሳው። ካልጠፋ ችግሩ መደፈን ነው። ድምፁም ይነግርሃል፦ ድምፁ ቀጥኖ ከጮኸ አየር መንገዱ ተዘግቷል፣ ሞተሩ የሚገፋው አየር ስላጣ ፈጥኖ እየዞረ ነው። ወፍሮ ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ፀጉር ኩሽኔታው ላይ ተጠምጥሟል።

ያለ ፊልተርም ከጠፋ ሴሎቹ አልተመጣጠኑም። ባትሪው ላይ ያለው መጠበቂያ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቻርጁን የሚያቆመው አንዱ ሴል ቀድሞ ሲሞላ ነው፣ መብራቱም ያኔ «ሙሉ» ይላል። ሲሠራ ደግሞ ደካማው ሴል ቀድሞ ሲወርድ ሁሉንም ያጠፋዋል። ቻርጅ አድርገህ አንድ ሰዓት ካሳረፍከው በኋላ እያንዳንዱን ሴል በቴስተር ለካ። ጤነኞቹ ከ4.1 እስከ 4.2 ቮልት ይላሉ፣ ልዩነታቸው ከ0.05 አይበልጥም። አንዱ በ0.2 ከወረደ እሱ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሞተሩ እየሠራ ለካ፤ ሁለቱ 3.6 ላይ ቆመው አንዱ ከ3 በታች ከገባ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ። ከ2 ቮልት በታች ብዙ የቆየ ሴል እንዲነሣ በኃይል ቻርጅ አይደረግም፣ ውስጡ ተበላሽቶ ሊነድ ይችላል።

ሦስቱንም አንድ ላይ ቀይር፣ ከአንድ ዓይነት። 120 ዋት በ10.8 ቮልት 11 አምፔር ነው፤ ስለዚህ ሴሉ ያለማቋረጥ 20 አምፔር የሚችል ይሁን፣ ሳምሰንግ 25አር ወይም ኤልጂ ኤችጂ2 ዓይነት። ከላፕቶፕ የወጣ ሴል አቅሙ ለዚህ ጅረት አይደለም፣ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ይግላል። ሲገዙ ይመዘን፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 48 ግራም ነው። ላዩ ላይ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፎርጅድ ነው፣ በዚህ መጠን ያለ ሴል ከ3600 ብዙም አያልፍም። ጫፉ ላይ በጋለ ብረት ቆርቆሮ አያቅልጡበት። የኒኬል ቅጠል ነጥብ በነጥብ የሚበይድ መሣሪያ ያለው የባትሪ ጠጋኝ ይሥራው፣ ሙቀቱ ውስጡን እንዳይጎዳ።

አዲሱን ደግሞ ሁለታችሁም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ወይም በጀልባው ሳጥን ውስጥ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ አትተዉት። የተዘጋ መኪና ውስጥ ክሩስኮቱ አጠገብ 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሙሉ ቻርጅና ሙቀት አንድ ላይ ሊቲየምን ቶሎ ያስረጁታል። ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ ግማሽ ላይ ይቀመጥ። ከሥራ በኋላ ገና ሞቆ እያለ አይሰካ፣ ለብ እስኪል ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ጣና ዳር

ጀልባው ላይ ቻርጅ ማድረግ ከፈለገ በኢንቨርተር ወደ 220 ቀይሮ መልሶ መቀነስ ብክነት ነው። ከ12 ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይግጠም። አንድ ሙሉ ቻርጅ ከጀልባው ባትሪ 3 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው፣ ሞተር ማስነሻውን አይጎዳም። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ18 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ፣ 3 አምፔር ይበቃዋል። መቀየሪያውም ከቤንዚኑ ጎን ሳይሆን ከፊት፣ ከመሪው በኩል ይሁን።